መልስ፦ አዲስ የእንጨት አጥር ወዲያው ቫርኒሽ ይቀባ ወይስ ይቆይ?

አዲስ አጥር አሠርተህ "ቫርኒሹን አሁኑኑ ልቀባው?" ላልከው፣ ትንሽ ታገስ። እርጥብ እንጨት ቅብ አይጠጣም። ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አድርግበት። ቶሎ ከመጠጠው ደርሷል፤ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው።

ቫርኒሹን ግን እኔ አልመክርህም። ለቤት ዕቃ ያምራል፤ ውጭ ግን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቅና ይላጣል። ከዚያ መፋቁ ነው መከራው! ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ደጅ ለሚውል እንጨት የተሠራ ዘይት ይሻላል። ሲደበዝዝ አጥበህ፣ አድርቀህ መድገም ብቻ ነው።

ዋናው ጣጣ የምሰሶው አናትና የጣውላው ጫፍ ነው። የእንጨቱ ቀዳዳዎች እዚያ ክፍት ስለሆኑ ውሃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው። ጫፎቹን ዘይቱን ደጋግመህ አጠጣቸው። በዘይት የራሰውን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለህ እንዳትጥለው፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።