ስለ ኻዲጃ ሾው ጠይቁኝ፦ ከስፓኒሽ ታውን እስከ ማንችስተር

የሴቶችን እግር ኳስ መከታተል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከአጥቂዎች ሁሉ ዓይኔን የማልነቅልባት ጃማይካዊቷ ኻዲጃ ሾው ናት። ስለ እርሷ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጨዋታዋን አይቻለሁ፤ ማንነቷን ግን አላውቅም። ደግሞስ ለምን «በኒ» ይሏታል?

በጥር 31 ቀን 1997 ስፓኒሽ ታውን ተወለደች። ከተማዋ በአንድ ወቅት የጃማይካ መዲና ነበረች፤ ዛሬ ግን ስሟ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከወሮበሎች ጥይት ጋር ነው። አባቷ ጫማ ሠሪ፣ እናቷ የዶሮ እርባታ ሠራተኛ ናቸው። ከ13 ልጆች የመጨረሻዋ እርሷ ናት። «በኒ» ጥንቸል ማለት ነው፤ በልጅነቷ ካሮት ስለምትወድ ወንድሟ ያወጣላት ስም እንደ ቀልድ ተጀምሮ እስከ ማንችስተር ተከተላት።

ጥያቄ፦ ወንድሞቿን በሞት ማጣቷን ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው እህቴ። በወሮበሎች ግጭት ከአንድ በላይ ወንድሞቿን አጥታለች፤ ሌላ ወንድሟን የመኪና አደጋ ነጥቋታል፤ የወንድምና የእህት ልጆችም ቀብራለች። አንዳንዱ መርዶ የደረሳት አሜሪካ ኮሌጅ ሳለች ነው። ከዘመድ መሀል ተቀምጦ ማልቀስ ምን ያህል እንደሚያቀልል እናውቃለን። እርሷ ግን በሰው አገር ብቻዋን ተሸክማው ሜዳ ወጥታለች። የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን በ2018 የዓመቱ እግር ኳስ ተጫዋች ብሎ የመረጣት ግቦቿን ብቻ ቆጥሮ አልነበረም፤ ይህንንም አይቶ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ችሎታ ይዛ ለምን በቀጥታ ወደ አውሮፓ ክለብ አልሄደችም?

ማን አይቷት? በጃማይካ አንዲት ልጅ በእግሯ ሠርታ የምትኖርበት የሴቶች ሊግ አልነበረም። የወንዶቹን ጨዋታ የሚያይ መልማይ ይመጣ ይሆናል፤ ወደ ሴቶቹ ሜዳ ግን ብቅ የሚል አልነበረም። የቀረው በር የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድል ነበር። በኢስተርን ፍሎሪዳ ኮሌጅ አልፋ በ2017 እና በ2018 ለቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች፤ በሁለተኛው ዓመት የሊጓ ምርጥ አጥቂ ተባለች። በ2019 ከዓለም ዋንጫ በኋላ የፈረንሳዩ ቦርዶ አስፈረማት። በ2020–21 በ22 ግቦች የፈረንሳይ ሊግ ኮከብ ግብ አስቆጣሪ ስትሆን ከኋላዋ የቀረችው የፓሪ ሴን ዠርሜኗ ካቶቶ ነበረች። ሊዮንና ፓሪስ በነገሡበት ሊግ ውስጥ ከቦርዶ ተነሥቶ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። በዚያው ክረምት ማንችስተር ሲቲ ወሰዳት።

ጥያቄ፦ እኛ ጃማይካን የምናውቀው በጃንሆይ የ1966 ጉብኝት፣ በሻሸመኔና በቦብ ማርሊ ነው። የማርሊ ቤተሰብ ቡድኑን ረድቷል የሚባለው ወሬ ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው፤ ያለዚያ እርዳታም ኻዲጃን በዓለም ዋንጫ አናያትም ነበር ብዬ አምናለሁ። የጃማይካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ከ2008 በኋላ በገንዘብ እጦት ተበትኖ ለዓመታት ጨዋታ ሳያደርግ ቆየ። በ2014 የቦብ ልጅ ሴዴላ ማርሊ ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞላት የመጣውን ወረቀት አነበበች፤ ለሴቶቹ ቡድን መዋጮ የሚጠይቅ ወረቀት ነበር። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ አሰባሰበች፣ ስፖንሰር ፈለገች፣ ፌዴሬሽኑንም ተሟገተች። ቡድኑ እንደገና ሊበተን ሲልም አልተወችውም።

ውጤቱ በጥቅምት 17 ቀን 2018 ቴክሳስ ውስጥ ታየ። ተጋጣሚዋ ፓናማ፣ ሽልማቱ የዓለም ዋንጫ ትኬት። ኻዲጃ አስቆጠረች፤ ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። ከፍጹም ቅጣት ምቶቹ በፊት አሰልጣኙ ግብ ጠባቂ ቀየሩ፤ ተቀይራ የገባችው ኒኮል ማክሉርም ሁለት ምት አዳነች። ጃማይካ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ያለፈች የመጀመሪያዋ የካሪቢያን አገር ሆነች። ኻዲጃ በዚያ የማጣሪያ ጉዞ 19 ግቦች አስቆጥራ ነበር።

ጥያቄ፦ ዓለም ዋንጫው ላይስ ምን ሠሩ?

በ2019 ሦስቱንም ተሸነፉ፦ በብራዚል 3 ለ 0፣ በጣሊያን 5 ለ 0፣ በአውስትራሊያ 4 ለ 1። ሐቫና ሶሎን ለአገሯ የመጀመሪያውን ግብ አስመዝግባለች። የ2023ቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ከታች ተጠይቄአለሁ።

ጥያቄ፦ ከወንዶቹም በላይ አስቆጥራለች ይላሉ። ማጋነን አይሆንም?

አይደለም። የጃማይካ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን ክብረ ወሰን የሉተን ሼልተን ነው፤ 35 ግብ። እርሷ ያንን ካለፈች ቆይታለች። ሼልተን በ2021 ገና በ35 ዓመቱ በነርቭ በሽታ አርፏል፤ ስሙ ሲነሣ በክብር እንዲነሣ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ የሲቲ ደጋፊ ነኝ። የ2024ቱ የእንግሊዝ ሴቶች ሊግ ዋንጫ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በእርሷ ጉዳት ነው ያጣነው?

ወንድሜ፣ እኔም እንደ አንተ አምናለሁ። በዚያ የውድድር ዘመን በ18 የሊግ ጨዋታዎች 21 ግቦች አስቆጥራ ነበር። የክለቡ የሴቶች ቡድን የምን ጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ የሆነችውም በዚሁ ዓመት ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ከብሪስቶል ሲቲ ጋር ስትጫወት እግሯ ተሰበረ፤ የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ከአርሰናል ጋር ሲቲ 1 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ መገባደጃው ላይ በብላክስቴኒየስ ሁለት ግቦች ተሸነፈ። እንዲህ ባለ ሰዓት ኳሱን ከፊት ይዞ ቡድኑን የሚያሳርፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ክራንች ይዞ ተቀምጧል። በመጨረሻው ቀን ቼልሲ ማንችስተር ዩናይትድን 6 ለ 0 አሸነፈ። ሲቲና ቼልሲ እኩል 55 ነጥብ ይዘው በግብ ልዩነት ዋንጫው ለንደን ሄደ።

ለእርሷ የኮከብ ግብ አስቆጣሪነቱ ጫማና የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነት ክብር ተሰጣት፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸውም፣ ጋዜጠኞቹም መርጠዋታል። በ2024–25 ደግሞ ጉዳት እያስቸገራትም በ12 ግቦች ከአርሰናሏ አሌሲያ ሩሶ ጋር የኮከብነቱን ጫማ ተጋርታለች።

ጥያቄ፦ በ2023 ከፈረንሳይ ጋር ቀይ ካርድ ማየቷን ጥፋት አትለውም?

ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ሲድኒ ላይ፣ ባለቀ ሰዓት ሁለተኛ ቢጫ አየች። አንድ ነጥብ ተይዞ ሳለ ያን ጥፋት መሥራት አልነበረባትም። ነገር ግን ያለ እርሷ የሆነውን ተመልከት፤ ፓናማን በአሊሰን ስዌቢ የጭንቅላት ግብ 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ እርሷ ተመልሳ ከብራዚል ጋር 0 ለ 0 ተለያዩና የማርታን ብራዚል ከምድቡ አሰናበቱ። በሦስት ጨዋታ አንድም ግብ ሳይቆጠርባቸው ወደ ጥሎ ማለፉ ገቡ፤ ኮሎምቢያ በአንድ ግብ እስክትጥላቸው ድረስ። አምስት ዓመት ሙሉ የእርሷን ግብ ይጠብቅ የነበረ ቡድን ያለ እርሷ መቆም እንደሚችል ያወቀው በዚያ ቀይ ካርድ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከፌዴሬሽኑ ጋር ጠብ ነበራቸው?

ነበራቸው። ከዚያው ዓለም ዋንጫ በፊት ተጫዋቾቹ ስለ ዝግጅት ጉድለትና ስላልተፈጸመ ቃል በግልጽ ደብዳቤ ቅሬታ አቀረቡ፤ ጉዞውን ለመደገፍ የአንዲት ተጫዋች እናት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበዋል። ከውድድሩ በኋላም በክፍያ ምክንያት ለብሔራዊ ቡድኑ አንጫወትም ያሉበት ጊዜ ነበር። ኻዲጃ ከፊት ከቆሙት አንዷ ናት። ከዓለም ምርጦች ጋር እኩል ተፋልማ የተመለሰች ልጅ ገንዘቧን ለመጠየቅ መሰለፏ እኔን ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ጥያቄ፦ ከእኛ ልጆች ከእርሷ ጋር የምትወዳደር አለች?

ማወዳደር አልወድም፤ መንገዳቸው የሚመሳሰል ግን ሎዛ አበራ ናት። ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳና በደደቢት አልፋ በማልታው ቢርኪርካራ ግብ በግብ አደረገች፤ በኋላም አሜሪካ ሄዳ ለዲሲ ፓወር ፈርማለች። አገር ውስጥ ሊጉ ስለነበረላት ከኻዲጃ በአንድ ነገር ትሻላለች፤ ግቦቿን ያየነው ገና ከአገር ሳትወጣ ነው።

ጥያቄ፦ የሴት ልጆች ፕሮጀክት አሠለጥናለሁ። አጥቂዎቼ ከእርሷ ምን እንዲያዩ ላድርግ?

አሠልጣኝ፣ ግቦቿን አያሳዩአቸው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ80 ስለሆነ ልጆቹ «እርሷ ረጅም ናት» ብለው ይተዉታል። ኳስ ወደ እርሷ ሳይደርስ ያለውን ሁለት ሰከንድ ያሳዩአቸው። ጀርባዋን ለግቡ ሰጥታ ስትቆም መጀመሪያ ክንዷን ወደ ኋላ ትልካለች፤ ተከላካይዋ በየትኛው ጎን እንዳለች የምታውቀው በመንካት ነው፣ ዞራ አታይም። ከዚያ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ዝቅ ትላለች። ኳሱን የምትቀበለው ከተከላካይዋ በራቀው እግር ነው። ተከላካይዋ ከገፋቻት በግፊያው ተጠቅማ ትዞራለች፤ ከራቀቻት ደግሞ ለመጣችው አማካይ መልሳ ሰጥታ ወደ ሳጥኑ ትሮጣለች። ለዚህ ልምምድ ሁለት ልጆችና አንድ ኳስ ይበቃሉ። አንዷ ከኋላ ትግፋ፣ ሌላዋ ዓይኗን ጨፍና ግፊያው ከየት እንደመጣ ትናገር። ኳሱን ከዚያ በኋላ ይስጧቸው።