ከማሸጋችሁ በፊት አንኳኩ

ልጆቼ፣

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። በወረዳ ቤቶች አስተዳደር ሥራ አግኝታለች። «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» አለችኝ። እኔም ከጡረታ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያው ሥራ ላይ ነው። ውል ማደስ፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ሲብስም ማሸግ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ለእሷም ለእናንተም አንድ ላይ ልጻፍ ብዬ ነው።

የቀበሌ ቤት ታሪክ ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ይጀምራል። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ያኔ 100 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ደህና ቁርስ አይበላበትም። ኪራዩ ግን ለብዙ ዓመታት ብዙም ስላልተነካ የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ትልቅ ጥቅም ይዟል።

ስለዚህ ግዴታ ቢኖርበት አይገርመኝም። ኪራይህን ክፈል፣ ለሌላ ሰው አታከራይ፣ የራስህ ቤት ካለህ አስረክብ፣ ሳታስፈቅድ ግድግዳ አታፍርስ። እነዚህን ሁሉ እደግፋለሁ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት እዚያ እየኖረ የቀበሌውን ቤት በውድ የሚያከራይ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ለእሱ አትዘኑ።

እኔን የሚከነክነኝ ግዴታው ከቤቱ አልፎ ሰውየው ውስጥ ሲገባ ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ቤቱን ብቻ አልነበረም የያዘው። ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ መታወቂያውም እሱ ዘንድ ነው። ከስብሰባ መቅረት ራሱ ያስፈራ ነበር። ያንን ፍርሃት ያየ ሰው፣ ቤት ለጨዋ ሰው ብቻ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ጨዋውን የሚለየው ማን ነው?

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። ጠበል ሄደው ሳለ ልጃቸው ማዕድ ቤቱን ለደባል አከራየው። እኔ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ፣ በር ላይ ተለጠፈ፣ ልጁ ቀደደው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጻፍኩ። ከዚያ አሸግሁ። እማማ የጠበሉን ጀሪካን ይዘው ሲመጡ በራቸው ላይ ወረቀትና ማኅተም አገኙ። ማንበብ አይችሉም። ጎረቤት ነው ያነበበላቸው።

ፋይሌን ብታዩት አንድ ነገር አይጎድለውም። ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ሁሉም አለ። እሳቸው ግን አሥራ አንድ ቀን ጎረቤት ቤት አደሩ። በኋላ ከፈትነው። የተከፈተውም እኔ ጥፋቴ ገብቶኝ አይደለም፤ የዕድሩ ዳኛ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ስለጮኹብኝ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሕግ አለ። በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው፣ የቤተሰቡ አባል ወይም እንግዳው በአደንዛዥ ዕፅ ከተገኘ ተከራዩ ሊባረር ይችላል። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ አራት አረጋውያን በዚህ ምክንያት ልቀቁ ተባሉ። አንዱ የ75 ዓመት አካል ጉዳተኛ ናቸው፤ ዕፅ የተገኘበት የሚረዳቸው ሰው ነበር። የአንደኛዋ ልጅ ደግሞ የተያዘችው ከቤቱ ሦስት ብሎክ ርቃ ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍርድ ቤቱ ተከራዩ ባያውቅም ማስወጣት ይቻላል አለ። አንድም ዳኛ አልተቃወመም።

የጎረቤቶቹ ፍርሃት ይገባኛል። ዕፅ ሻጭ ደጃፉ ላይ እንዲቆም የሚፈልግ የለም። ግን ሻጩን አስወጣ እንጂ አሮጊቷን ለምን? አጥፊው ሌላ፣ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ሌላ። እኔም እማማ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ያለ ጥፋት የሚነሳም አለ። እዚህ አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ስንት የቀበሌ ቤት እንደፈረሰ አይታችኋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ሥራ ምክንያት ለሚፈናቀል ሰው ካሳ ወይም ተመጣጣኝ ድጋፍ ይገባዋል ይላል። ደባሉ ግን ውል ላይ ስሙ የለም። ምን ይዞ ይጠይቃል? የእማማ ቤት ሲታሸግ ያ ደባል የት እንዳደረ እኔም አልጠየቅሁም፤ ዕድሩም አልጠየቀም።

ስለዚህ የወንድሜ ልጅ፣ ማስጠንቀቂያ ስትሰጪ በር ላይ ለጥፈሽ አትሂጂ። አንኳኪና ውሉ በስሙ ለሆነው ሰው በቃል ንገሪ። ከሌለ የት እንደሄደ ጎረቤት ጠይቂ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በስም ጻፊ። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ እንዳታሽጊ። እስከ ሰኞ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም።