የአያቴን ፎቶ በሻማ ብርሃን

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምኖረው ደሴ ነው። ሜክሲኮዎች ለሙታን ቀን የሚያነሷቸውን ፎቶዎች አይቼ እኔም በአያቴ ፎቶ አንድ ነገር መሞከር አማረኝ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ፊቴ ላይ እንደነሱ የራስ ቅል ልሳል እንዴ?

መልስ፦ እህታችን፣ የራስ ቅሉን ተይው። ለፌስቡክ ያምራል እንጂ የበዓሉ ዋና ነገር እሱ አይደለም። ሜክሲኮዎች በኖቬምበር 1 እና 2፣ በእኛ ጥቅምት 22 እና 23 ገደማ፣ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛ አዘጋጅተው የሟቹን ፎቶ፣ ሻማ፣ ብርቱካንማ አበባና በሕይወት ሳለ የሚወደውን ምግብ ይደረድራሉ፤ ነፍሱ ልትጠይቃቸው ትመጣለች ብለው ነው። ስለዚህ ከአያትሽ ፎቶ ጀምሪ። ይወዱት የነበረውንም አጠገቡ አስቀምጪ፣ ቡናም ይሁን ሌላ።

አሁን ወደ ስልኩ። ካሜራው ላይ ‘ፕሮ’ የሚለውን ክፈቺና አይኤስኦውን (ISO፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 8 ሰከንድ አድርጊ። ስልኩ እንዳይነቃነቅ ደግፊው። ክፍሉን አጨልሚና ሻማ አብሪ፤ ሻማው ሌንሱ ፊት ከሆነ ነጭ እድፍ ስለሚሆን ወደ ጎን ገፋ አድርጊው። እናትሽ ነጭ ነጠላ ለብሰው ፎቶው አጠገብ ይቀመጡ፣ ግማሹ ጊዜ ሲደርስ ተነስተው ይውጡ። የአያትሽ ፎቶ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እሳቸው ግን ጥላ መስለው ግድግዳው በውስጣቸው ይታያል። ጥቁር ልብስ አይሆንም፣ ጨለማው ይውጠዋል።

ደጅ መሞከር ካማረሽ የቶሳ ተራራ ጉም ሲወርድ አመሻሽ ላይ ውጪ። በቀን ብርሃን 8 ሰከንድ ሁሉንም ነጭ ያደርገዋል። ለቅሶ ቤት ግን፣ አደራ፣ ካሜራ አታውጪ።