ኤስኤፍ6 በሮዲየም አልሰበር ሲል

ጥያቄ፦ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድን (ኤስኤፍ6) በሮዲየም ሃይድራይድ (ምላሹን በሚያፋጥን የሮዲየምና የሃይድሮጅን ውህድ) ለመስበር፣ በቫልቭ በሚዘጋ የኤንኤምአር (ሞለኪውሎችን በማግኔት የሚመረምር መሣሪያ) ቱቦ ውስጥ ትራይኤቲልሲሌንና ትራይኤቲልፎስፊን ጨምሬ በዲዩተሬትድ ቤንዚን (ሲ6ዲ6 በተባለው አሟሚ) 60 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አሞቅኩ። በፍሎሪን ልኬት +57፣ −129 እና −151 ፒፒኤም፣ በፎስፈረስ ልኬት ደግሞ 45 ላይ ፒክ (የምልክት ጫፍ) አገኘሁ። የ45ቱ ፎስፊን ሰልፋይድ (ፎስፊኑ ከጋዙ ሰልፈር ጋር የሚሠራው ውህድ) ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ፎስፊኑ ከኦክስጅን ጋር የሠራው ኦክሳይድ ነው። ሰልፋይዱ በቤንዚን ውስጥ 53 አካባቢ ይወጣል። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ በቀላሉ ያሳስታሉ፤ በጂሲ ኤምኤስ (ሞለኪውሎችን ለያይቶ ክብደታቸውን በሚለካ መሣሪያ) ግን ኦክሳይዱ 134፣ ሰልፋይዱ 150 ላይ ስለሚወጣ ጥርጣሬ አይተርፍም። +57 ያልተነካው ጋዝ ራሱ ነው። ሲሌኑ ፍሎሪን ወስዶ ቢሆን ኖሮ −176 ገደማ ላይ ፒክ ያዩ ነበር። −129 እና −151 ከብርጭቆው ሲሊከንና ቦሮን ጋር የተጣመረ ፍሎሪን ናቸው፦ ጥቂት ጋዝ ተሰብሯል፣ ነገር ግን ፍሎራይዱ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሆነና ቱቦውን በላው። ስለዚህ ሮዲየሙን ከመቀየርዎ በፊት አየርና ውሃ ከየት እንደገቡ ይፈልጉ።

ምንጩን ለማግኘት ያንኑ ድብልቅ ያለ ጋዝ 60 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት ያቆዩት። 45 ላይ ያለው ፒክ ከመጣ ጥፋቱ የአሟሚው፣ የቱቦው ወይም የተጨመሩት ኬሚካሎች ነው፤ ካልመጣ ግን የጋዝ መስመሩን ይፈትሹ። አሟሚውን በሶዲየምና ፖታሲየም ቅልቅል አድርቀው በማትነንና መልሶ በማቀዝቀዝ ያጣሩ፣ ቱቦውን በቫክዩም ውስጥ ያግሉት። ብርጭቆው አሁንም ከተበላ የፒኤፍኤ ፕላስቲክ ሽፋን ያስገቡ።

አሁን መጠኑ። አንድ ኤስኤፍ6 ስድስት ሲሌንና አንድ ፎስፊን ይፈልጋል፤ ስድስት ፍሎሮሲሌን፣ ሦስት ሃይድሮጅንና አንድ ሰልፋይድ ይወጣል። ፎስፊኑ ከሌለ ሰልፈሩ ሮዲየሙ ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያስቆመዋል፤ ከልክ በላይ ሲበዛ ደግሞ ጋዙ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል። 10 ሚሊሊትር መለኪያ ኳስ በ0.1 ባር ሲሞላ 0.04 ሚሊሞል ያህል ጋዝ ይይዛል። ለዚያ 40 ማይክሮሊትር ሲሌን (0.25 ሚሊሞል)፣ 6 ማይክሮሊትር ፎስፊንና 0.002 ሚሊሞል ሮዲየም በ0.5 ሚሊሊትር አሟሚ ይበቃል።

ጋዙን በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ ቱቦው ሲያቀዘቅዙ ኳሱን ብቻ ይክፈቱ፤ ሙሉውን የመስመር ጋዝ በፍጹም አይልቀቁ። 100 ሚሊሊትር ማኒፎልድ (የጋዝ መስመሩ ዋና ቱቦ) በ1 ባር ከ4 ሚሊሞል በላይ ይይዛል። ያ ሁሉ 2 ሚሊሊትር ባዶ ቦታ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ፣ ኤስኤፍ6 በ20 ዲግሪ የሚኖረው የእንፋሎት ግፊት 21 ባር ገደማ ነውና ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። በትክክለኛው መጠንም ቢሆን የሚወጣው ሃይድሮጅን ብቻውን 1.5 ባር ይደርሳል፤ ቱቦው ምን ያህል ግፊት እንደሚችል ሳያረጋግጡ አያሙቁ፣ በመከላከያ ጋሻ ጀርባም ይሥሩ።

ቱቦው ቀጥ ብሎ ከቆመ ጋዙ ወደ ፈሳሹ የሚገባው በጣም በዝግታ ነው። አግድም አድርገው ቀስ ብሎ የሚያዞረው መሣሪያ ላይ ያስሩት። ፍሎሪኑን ሲለኩ +57 እና −176 በጣም ስለሚራራቁ አንዱን ልኬት +50፣ ሌላውን −150 ላይ ማዕከል አድርገው ለየብቻ ይውሰዱ፤ አለዚያ ከመስኮቱ ውጭ የቀረው ፒክ ታጥፎ በሐሰት ቦታ ሊታይ ይችላል።

የተረፈውን ጋዝ ወደ ጭስ ማውጫው አይልቀቁት። በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 23,500 እጥፍ የሚያሞቅ ስለሆነ መልሰው ወደ ማጠራቀሚያ ኳስ ያቀዝቅዙት። ሃይድሮጅኑ በፈሳሽ ናይትሮጅን ስለማይያዝ ቀድሞ በፓምፕ ይወጣል።