ከስድስቱ ከበደዎች የትኛው የእኛ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ ከበደ ወልደ ማርያም ይባላሉ። ከጣሊያን ወረራ በፊት አራት ኪሎ አካባቢ ይኖሩ ነበር፤ ግራዝማች እንደነበሩም ሲነገር ሰምቻለሁ። መዝገብ ባገላበጥኩ ቁጥር ግን በዚሁ ስም አምስት ስድስት ሰው ይመጣብኛል። የእኛን በምን ልለይ?

መልስ፦ በመጀመሪያ «ወልደ ማርያም» የሚለው ስም ዘርዎን እንደማይነግርዎት ይወቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ በኑሯችን አልተሠራበትም። ስሙ የሚናገረው የአንድ ሰው አባት ማን እንደነበር ብቻ ነው። ወልደ ማርያም የሚባሉ አባቶች ደግሞ በየደብሩ ነበሩ።

ስለዚህ ስሙን ይተዉትና በሰውየው ዙሪያ ያሉትን ይያዙ። መዝገብ ቤት ከመሄድዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ የአያታቸውን ስም፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ እህትና ወንድሞቻቸውን፣ የክርስትና ስማቸውን፣ ደብራቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ ያደሩለትን ጌታ። ከነዚህ ቢያንስ ሦስቱ ካልገጠሙ፣ ያገኙትን ሰው «የእኛ ነው» ብለው አይመዝግቡ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ስምና ማዕረግ ስለገጠሙ ብቻ የሌላ ሰው የልጅ ልጅ ሆኖ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅሙት ሴቶቹ ናቸው። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። የከበደ እህት እስከ ዕለተ ሞቷ የወልደ ማርያም ልጅ ተብላ ትጻፋለች። የእሷ ስም ብዙም ያልተለመደ ከሆነ በእሷ በኩል ወደ አባትየው መድረስ በከበደ በኩል ከመሄድ ይቀላል። ርስትም በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ስለነበር፣ የርስትና የውርስ ክርክር ፋይል የሴቶቹን መስመር ጭምር እስከ ዋናው አባት ድረስ ይዘረዝራል። እንዲህ ያለ ፋይል ካገኙ ከማንኛውም ወረቀት በፊት እሱን ያንብቡ።

ቀጥሎ የክርስትና ስም። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱንም ተዝካሩንም የምታደርገው በክርስትና ስም ነው። ከበደ በደብሩ ወረቀት ላይ ገብረ ሚካኤል ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ገጹን አልፎት ይሄዳል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሱ የልደት ቀንንም ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል፤ ኅዳር 12 ክርስትና የተነሳ ወንድ ልጅ የተወለደው ጥቅምት 2 ወይም 3 ላይ ነው። የክርስትና ስሙን ቤተሰቡ ከረሳው የንስሐ አባቱን ቤት ይጠይቁ።

ሰፈርም ይናገራል። የመሀል አዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ብዙዎቹ የተመሠረቱት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው። አሽከሩም ወታደሩም ከጌታው አጠገብ ይሰፍር ስለነበር፣ «የማን ሰው ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ከስድስቱ ከበደዎች አራቱን ሊያስወጣ ይችላል።

ማዕረጉን በቅደም ተከተል ይመዝኑ፦ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች። በ1920 ግራዝማች የነበረ ሰው በ1934 ቀኛዝማች ሆኖ ቢገኝ ያው ሰው ሊሆን ይችላል። በ1920 ቀኛዝማች፣ በ1934 ባላምባራስ የሆነው ግን ሌላ ሰው ነው ብለው ይነሱ። ሹመት ለመከታተል ከ1934 ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣን፣ ከ1933 ጀምሮ አዲስ ዘመንን፣ ከወረራው በፊት ለነበረው ከ1917 የጀመረውን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣን ያገላብጡ። መነሻዎ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሁኑ።

ሲፈልጉ ፊደሉን ሁሉ ይለዋውጡ፦ ወልደ ማርያም፣ ወልደማርያም፣ ወ/ማርያም። ኃይሉ ከሆነ በሀም በሐም፤ ሥላሴ ከሆነ በሠም በሰም። የጣሊያን ወረቀት «ወ»ን የሚጽፈው በላቲኑ «ዩ» ስለሆነ፣ ወልደን በ«ደብልዩ» የፈለገ ሰው አያገኘውም። ቀኑም የፈረንጅ ነው፤ ከመስከረም 1 (ሴፕቴምበር 11 ወይም 12) እስከ ዲሴምበር 31 ባለው 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይቀንሱ። ከዓመቱ ጎን በሮማውያን ቁጥር 15 ተጽፎ ቢያዩ የፋሺስቶች አቆጣጠር ነው፤ ከኦክቶበር 28 ቀን 1936 እስከ ኦክቶበር 27 ቀን 1937 ያለውን ጊዜ ያመለክታል።

የእድሩን መዝገብም አይርሱ። አባሉ የሚቀበረውን ቤተ ዘመድ፣ አማቱን ጭምር ያስመዘግባል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙው ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ የእድሩ ጸሐፊ የት እንደገቡ ዛሬውኑ ያጠያይቁ፤ መዝገቡንም በስልክዎ ገጽ በገጽ ያንሱ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ በኮምፒውተር ሲሠራ ለሁላችንም አንድ «ላስት ኔም» ሰጠን። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አሁኑኑ ያርመው። የአያትየው ስም ለሁሉም ከተሰጠ አባትና ልጅ፣ ወንድምና የወንድም ልጅ ይደባለቃሉ። በቦታው የእያንዳንዱ ሰው የገዛ አባቱ ስም ይግባ፤ የአያት ስም በማስታወሻው ቦታ ይጻፍ። በፓስፖርት ላይ መጨረሻ የሚገባው ስም አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ሊሆን ስለሚችል፣ የአንድ አባት ልጆች ውጭ አገር በሁለት «ላስት ኔም» ተመዝግበው ቢገኙ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ አያቴ «ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ ከጃንሆይ ንግሥ በፊት፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለድኩ» ይሉ ነበር። ዓመቱ ይታወቃል?

መልስ፦ በጣም ይጠጋል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። በሽታው የገባው ኅዳር 1911፣ ንግሡ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። በመካከሉ ሉቃስ የሚውለው በራሱ በ1911 ከኅዳር በኋላ፣ በ1915፣ በ1919 እና በ1923 የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የክረምት ልጅ ነኝ ይሉ ከነበረ 1923 ወጣ። ጳጉሜን 6 የሚኖራትም በሉቃስ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ተወለድኩ ካሉ ዘመኑን ራሱ ያረጋግጥልዎታል። ከቀሩት ሦስት ዓመታት አንዱን ለመምረጥ የታላቅና የታናሻቸውን ዘመን ይጠይቁ፤ ታላቃቸው በዘመነ ማቴዎስ 1913 ከተወለዱ አያትዎ የ1915 ወይም የ1919 ናቸው።