ለጥር ሠርግ ወርቅ ለምትገዛው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። እናትህ ለጥሎሹ ሀብል ከነጉትቻው፣ አምባርና ቀለበት ካልቀረበ ሰው ምን ይላል ብለዋል። እጮኛህ ደግሞ ቀጭን ቀለበትና አንድ የኦፓል ድንጋይ ሀብል ይበቃኛል፣ ለፎቶው ወርቅ ቅብ እንከራያለን ብላለች። የማንን ልስማ ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ሰዎች ሁሉ «ወርቅ ግዛ፣ ወርቅ አይከስርም» ብለውሃል። ይከስራል። እኔ ከስሬበታለሁና አንተ እንድትደግመው አልፈልግም።

1. ፈርጥ የበዛበት ወርቅ አትግዛ። ያገባሁት በጥር 2009 ነው። ባለቤቴ ከዕቁብም ከብድርም አሰባስቦ 46 ግራም ባለ 18 ካራት ገዛልኝ፤ ሀብሉም ጉትቻውም ነጭ ድንጋይ በድንጋይ ነበር። ጥሎሹ ሲቀርብ ሚዜዎቹ አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ አሳዩት፣ አክስቶቼ እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁለት ቀን ነው፤ ለመልስና ለልጄ ክርስትና። ሌላውን ጊዜ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ኖረ።

በ2012 የባለቤቴ መኪና ሞተሩ ተበላሸ፤ እንጀራችን እሷ ነበረች። ደንበኛ ነኝ ብዬ ወደገዛንበት ወርቅ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰም። ሀብሉን ተቀብሎ ፈርጦቹን በወረንጦ እየነቀለ መስታወቱ ላይ ሲያራግፋቸው እንደ ምስር ተበተኑ። የተረፈውን ሚዛን ላይ ጣለው፤ 38 ግራም። ስምንት ግራሙ ድንጋይ ነበር! ዚርኮን የምንለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ ከአልማዝ እንኳ ይከብዳል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። «ስትሸጥልን ከነድንጋዩ በወርቅ ዋጋ አይደል እንዴ የመዘንከው?» ብዬ ብጠይቀው «ደረሰኝሽ ላይ አሳዪኝ» አለኝ። ደረሰኙ «ጌጣጌጥ፣ ብዛት 1» ይላል፣ ከሥሩ ጠቅላላ ዋጋው። ካራት የለ፣ ግራም የለ። ስንገዛ የከፈልነው የሥራ ዋጋም አብሮ ቀልጦ ቀረ። ከኋላዬ ሰው ቆሟል፤ «ሴትዮ፣ ትሸጫለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» አለኝ። ሞተሩን ማሠራት ነበረብንና ሸጥኩ። ያን ቀን የተናገረኝ አነጋገር ከገንዘቡ ይልቅ ዛሬም ያመኛል።

2. ደረሰኙ ላይ ካራቱ፣ የወርቁ ግራም ለብቻው፣ የሥራ ዋጋው ለብቻው ካልተጻፈ ብርህን አታውጣ። ፈርጥ ካለው የፈርጡም ክብደት ይጻፍ። ጌጡ ላይ 750 የሚል ማህተም ካየህ 18 ካራት ነው (ከሺህ 750 እጁ ንጹሕ ወርቅ ማለት ነው)፣ 875 ካየህ 21። 40 ግራም ባለ 18 ብትገዛ ንጹሕ ወርቁ 30 ግራም ነው፣ በ21 ግን 35 ግራም። ግን ማህተሙን ብቻ አትመን፤ ሌላ ወርቅ ቤት ወስደህ አስፈትሸው።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ከደመወዟ እያጠራቀመች የምትገዛው ልሙጥ፣ ፈርጥ የሌለው ባለ 21 አምባር ብቻ ነበር። እዚያ የዕለቱ የግራም ዋጋ ይነገርሻል፣ የሥራው ዋጋ ለብቻው ይነገርሻል፣ ከዚያ ትከራከሪያለሽ አለችኝ። እኛ ቤት «የአረብ አገር ወርቅ ቅርጽ የለውም» እየተባለ ይታማ ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን በእነዚያ አምባሮች ሱቅ ከፈተች። የኔ ባለ ቅርጹስ? ለሞተሩም በቅጡ አልበቃ።

እኔም ተማርኩ። በ2015 ዕቁብ ሲወጣልኝ 20 ግራም ልሙጥ አምባር ገዛሁ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ በዚያ ላይ ወርቁ ራሱ በዓለም ገበያ እየወጣ ነበር። ባለፈው ዓመት ሦስት ቦታ አስመዘንኩት። ሦስቱም ጋ 20 ግራም፣ ዋጋው ከገዛሁበት ከእጥፍ በላይ። አልሸጥኩትም፤ የልጄ ነው።

3. እጮኛህን ስማት። ዛሬ ልጆቹ ወርቅ ንቀው አይደለም። ለዓይን የሚሆነውንና ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን መለየት ስለጀመሩ ነው፤ እኛ ሁለቱን ቀላቅለን ነው የተጎዳነው። ታናሽ እህቴ አምና ስታገባ ለፎቶው ወርቅ ቅብ ተከራየች፤ ለጥሎሹ ደግሞ ሁለት ልሙጥ አምባርና አንድ ቀለበት ብቻ ቀረበ። አክስቶቼ ፊታቸው ተለወጠ፤ አንዷማ «ደሃ ቤት ገባች» እስከማለት ደረሰች። እናቴ ግን ተነሥታ የአያቴን የብር መስቀልና ድሪ አንገቷ ላይ አደረገችላት። አያቴ ማርትሬዛ፣ የድሮውን የብር ገንዘብ፣ አስቀልጣ ያሠራችው ነው። በዱቄት ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ጥቁረቱ ከጠርዙ ሲለቅ የአንጥረኛው የመዶሻ ምት አንድ በአንድ ይታያል። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ እየቀረበ ያየው ያንን ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት የአክስቶቼ ልጆች ከሣጥን ሥር የተረሳ ብር አውጥተው ሲያሳጥቡ አይቻለሁ። እናንተም ቤት ካለ እናትህን ጠይቃቸው፤ ምናልባት ራሳቸው ሊያደርጉላት ደስ ይላቸው ይሆናል።

ለእናትህ የምትነግራቸውም ይህንኑ ነው። «አልገዛም» አትበላቸው፤ ቅር ይላቸዋል። «ያሰብነውን ብር በልሙጥ ባለ 21 አድርገን ለሙሽራዋ እንስጥ፣ ነገ ችግር ቢመጣ እጇ ላይ ይገኛል» በላቸው። ወርቅ ቤት ይዘሃቸው ሂድ፣ ሚዛኑን ራሳቸው ይዩት። የኔ አማት እንዲህ ተብሎ ቢነገራቸው ኖሮ ያንን ድንጋይ አያስገዙንም ነበር።

ኦፓሉን በተመለከተ፦ ወሎ ውስጥ ካለው ከደላንታ የወጣ ከሆነ ውኃ ይጠጣል። ሲረጥብ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ዘይትና ሽቶ ከገባበት ግን ሊበላሽ ይችላል። ስትታጠብም ወጥ ስትሠራም ታውልቀው። ስትገዛ በደንብ የደረቀውን፣ ቀን በፀሐይም በጥላም አይተህ ምረጥ፤ በሱቅ መብራት ሁሉም ያምራል። ይህ ግን ለውበቱ ነው የሚገዛው፣ መልሰን እንሸጠዋለን ብላችሁ አትግዙት።

የኪራዩን ዕቃ ስትረከቡ በስልክ ፎቶ አንሡት፣ የጎደለ ፈርጥ ካለ ያኔውኑ አሳዩ፤ እህቴን ቀድሞም ለጎደለ አንድ ፈርጥ ከመያዣዋ ሊቆርጡባት ነበር።

ጥር ሲደርስ ወርቅ ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል፣ ማንም ቆሞ አያስረዳህም። አሁን በኅዳር፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂድ። ደረሰኙን ከጻፉልህ በኋላ፣ ከመክፈልህ በፊት፣ ስምህን ሸፍነህ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፤ አይቼ እነግርሃለሁ።