ሰኔ ላይ ጓንዡ ለምትሄደው እህታችን፦ የዘንዶ ጀልባውን ከመንደር እዪው

እህቴ፣ «ሰኔ ውስጥ ለዕቃ ግዥ ጓንዡ ስሄድ የዘንዶ ጀልባ በዓል ይገጥመኛል፤ የውጭ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል? ሥራዬንስ ያስተጓጉልብኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያች የደቡብ ቻይና ከተማ አራት ዓመት ተምሬአለሁ፤ በዓሉም አራት ጊዜ አልፎብኛል፤ የመጀመሪያውን ግን አየሁት ለማለት አልደፍርም።

ከሥራው ልጀምር። በዘንዶ አምሳል የተሠሩ ረጃጅም ጀልባዎች የሚቀዘፉበት ይህ በዓል፣ ቻይናዎቹ ዱዋንዉ የሚሉት፣ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ስለሚከበር በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። በ2018 የሚውለው ዓርብ ሰኔ 12 ነው። ቢሮውም ፋብሪካውም እስከ እሑድ ስለሚያርፍ ክፍያና ጭነት ካለሽ ሐሙስ ጨርሺ። ወደ ሌላ ከተማ የምትሄጂ ከሆነ የባቡር ትኬቱ ሽያጭ ከ15 ቀን በፊት እንደተከፈተ በፓስፖርትሽ ቁረጪ፤ ቶሎ ያልቃል።

አሁን ወደ በዓሉ። በመጀመሪያው ዓመት ትልቁን ውድድር ለማየት ወንዙ ዳር ሦስት ሰዓት ቆሜ ያየሁት የሰው ጃንጥላ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ሞኝ ነህ፣ በዓሉ እኮ መንደር ነው ያለው» ብሎ ቸቤይ ወሰደኝ። ቸቤይ ከተማው የዋጠው አሮጌ መንደር ነው፤ በሜትሮ አራተኛው መስመር ይደረሳል። እያንዳንዱ መንደር የራሱ የእንግዳ መቀበያ ቀን አለው፤ የቸቤይ በዚያው በጨረቃው አምስተኛ ወር ሦስተኛ ቀን ነው፣ ማለትም ዘንድሮ ረቡዕ ሰኔ 10፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ። በዚያ ቀን የዘመድ መንደሮች ጀልባዎች በጠባቧ ቦይ ተከታትለው ይመጣሉ። እሽቅድድም የለም፤ ጥየቃ ነው። በአንዱ ጀልባ ከ50 በላይ ሰው ይቀዝፋል፤ መሐል ላይ ከበሮና ቃጭል ይመታል፤ ባለ ጥልፍ ጃንጥላም ተዘርግቷል። ባለ አገሮቹ ርችት እየተኮሱ ይቀበሏቸዋል። ርችቱ ከጆሮሽ ሥር ስለሚፈነዳ ልብ በዪ። ፊቴን አይተው ያባረረኝ ቀርቶ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው የተሻለ ቦታ አቆሙኝ።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ የጀልባው አኗኗር ነው። ዓመቱን ሙሉ ቦዩ ውስጥ በጭቃ ተቀብሮ ይከርማል። ፀሐይና አየር ካገኘው እንጨቱ ስለሚሰነጠቅ ነው። በዓሉ ከመድረሱ ወር ገደማ በፊት ጎረምሶቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ያወጡታል። ፎቶውን ለእናቴ ብልክላት «ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋውን ደራጎን ነው እንዴ የሚያከብሩት?» አለችኝ። የእነሱ ዘንዶ ዝናብ ሰጪ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም። ዝናቡ ግን እውነት ነው፤ የዚያን ሰሞን ዶፍ «የዘንዶ ጀልባ ውሃ» ይሉታል። ስልክሽን በላስቲክ ጠቅልይ፤ የእኔ እዚያው ቀርቷል።

መጽሐፍ የሚነግርሽ ታሪክ የባለቅኔውና የሹሙ የቹ ዩዋን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 ገደማ ሁናን በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ሚሉዎ ወንዝ ገብቶ እንደሞተና ሕዝቡ በጀልባ እንደፈለገው ይተረካል። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ «መልካም በዓል» ሲባል ቅር ይለዋል፤ «ዱዋንዉ አንካንግ» ብትዪ፣ ሰላምና ጤና መመኘት ስለሆነ፣ የሚከፋው የለም። በየበሩ የተንጠለጠለውን ቅጠል ጠጋ ብለሽ አሽትቺው፤ የእኛ አሪቲ ዘመድ ነው።

ስለ ምግቡ ተጠንቀቂ። ዞንግዚ የሚሉት በቀርከሃ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የሚጣበቅ ሩዝ ነው። በኮባ የተጋገረ ድፎ ለለመደ ሰው ሽታው እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን በደቡብ አብዛኛው የአሳማ ሥጋና የእንቁላል አስኳል አለበት፤ ጊዜው ደግሞ የሰኔ ጾም ነው። እኔ ሳላውቅ በልቼ ለንስሐ አባቴ መንገር ግድ ሆኖብኛል። «ጂየንሹዪ ዞንግ» ብለሽ ጠይቂ፤ ቢጫ ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ በስኳር እየነከሩ ይበሉታል። ቀዝቅዞ ይሻላል፤ ሁለት ከበላሽ ግን እራት አያሻሽም።